ሃምሳ ሦስት

መኪና ብዙ ቁጥር ይሸከማል። ታርጋው አለ፤ የሻንሲ ቁጥሩ አለ፤ የሞተር ቁጥሩ አለ፤ ስንት ማይል እንደሄደ የሚናገረው ቆጣሪም አለ። በወረቀት የሚሰፍሩት፣ ገዢም ፖሊስም የሚጠይቃቸው እነዚህ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ማንም በወረቀት የማይመዘግበው፣ ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ አብሮት የተወለደ ቁጥር አለ፤ ከሞተሩ ጎን ገፍቶ ወጥቶ በጣት ይዳሰሳል። ብረት ማቅለጫው በየትኛው ቅርጽ እንዳፈሰሰው ለራሱ ለማወቅ ያወጣው ምልክት ነው እንጂ ለባለንብረቱ ታስቦ የተጻፈ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግን ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ብዙ ባለመኪናን እንቅልፍ ነስቷል፤ 53።

ነገሩ የዶጅ ራም ፒካፕ ጉዳይ ነው። ዶጅ እ.ኤ.አ. በ1989 የከሚንስን የናፍታ ሞተር በፒካፑ ላይ መግጠም ጀመረ። ከሚንስ በ1919 በኢንዲያና ግዛት ኮሎምበስ ከተማ የተቋቋመ የሞተር ፋብሪካ ነው፤ መብራት ሲጠፋ በሆቴልና በሆስፒታል ጓሮ ከሚያጓሩት ጄኔሬተሮች አጠገብ ቆሞ የሚያውቅ አንባቢ ስሙን ሳያነበው አልቀረም። ለፒካፑ የተመረጠው ሞተር 5.9 ሊትር ሲሆን ስድስቱም ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተሰለፉበት ነው። ሲነደፍ ለትንሽ መኪና አልነበረም። ለመካከለኛ የጭነት መኪና፣ ለአውቶቡስ፣ ለእርሻና ለግንባታ ማሽን ነበር። ብቻውን ወደ 500 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሌሎቹ የፒካፕ ሞተሮች ተዳክመው በሚወርዱበት ዕድሜ እሱ ገና ተሳቢ ይጎትታል። ፈረስ አርቢው፣ ድርቆሽ ሻጩ፣ ቤት ሠሪው፣ መኪና በተሳቢ እየጫነ ከግዛት ግዛት የሚያደርሰው ሰው ሁሉ የወደደው ለዚህ ነው። ገላው ዝጎ፣ ወንበሩ ተቀዳድዶ፣ ሞተሩ ግን በአንድ ቁልፍ የሚነሳ ራም በየገበሬው ግቢ ይታያል።

በ1998 አጋማሽ ሞተሩ ታደሰ። የጭስ ሕጉ እየጠበቀ በመምጣቱ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት የነበረው ቫልቭ አራት ሆነ፤ የናፍታው ፖምፓም በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ሆነ። ብሎኩም አብሮ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ፣ በተለይ ከ1999 እስከ 2001 በነበሩት ዓመታት ከተገጠሙት ብሎኮች ከፊሎቹ ብራዚል ውስጥ፣ በሳንታ ካታሪና ግዛት ጆይንቪል ከተማ፣ ቱፒ ከሚባለው ብረት ማቅለጫ የመጡ ነበሩ። ቱፒ በ1938 የተመሠረተ፣ በሞተር ብሎክ ሥራ ከዓለም ትልልቆች አንዱ የሆነ ድርጅት ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጥሩ ብሎክ አፍስሷል። 53 የሚል ቁጥር በጎናቸው የወጣባቸው ብሎኮች ግን አንድ ድካም ይዘው ተወለዱ። ውሃው በሲሊንደሮቹ ዙሪያ የሚዞርበት ክፍተት የውጭ ግድግዳው ሳሳ።

ብሎክ ሲፈስ ያየ ሰው መሳሳቱ አይደንቀውም፤ የሚደንቀው ሌላው ሁሉ ሳይሳሳ መቅረቱ ነው። የሞተር ብሎክ ከደረቅ ብረት ተፈልፍሎ አይወጣም። መጀመሪያ የውጭው መልክ በአሸዋ ይታተማል። ቀጥሎ ውስጡ ባዶ ሆኖ መቅረት ያለበት ቦታ ሁሉ፣ ሲሊንደሩም የውሃው መዞሪያም፣ በማጣበቂያ በጠነከረ አሸዋ ይያዛል። በሁለቱ አሸዋዎች መካከል በቀረችው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ከ1,300 ዲግሪ በላይ የጋለ ብረት ይለቀቃል። የቀለጠ ብረት ከአሸዋ በብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ የውስጡ አሸዋ ብረቱ ሲደርስበት ወደ ላይ መንሳፈፍ ይፈልጋል። አቅላጩ እንዳይነሳ ደግፎ ይይዘዋል። ድጋፉ ትንሽ ከላላ አሸዋው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ በዚያ ወገን ያለው ግድግዳ ይሳሳል፣ ተቃራኒው ይወፍራል። ጉድለቱ በሚሊሜትር የሚለካ ነው። ቀለም ከተቀባ በኋላ ደግሞ ከውጭ አይቶ የሚለየው የለም።

ብረቱ ሲረጋ የውስጡ አሸዋ ተፈርፍሮ ይራገፋል። በሞተር ጎን ተደርድረው የምናያቸው፣ በክብ የብረት ክዳን የተደፈኑት ቀዳዳዎች የተተዉት ለዚህ ነው፤ አሸዋው በእነሱ በኩል ተይዞ ይቆማል፣ በእነሱም ይወጣል። ብዙ ሰው ውሃው በረዶ ሲሆን ክዳኑ ተስፈንጥሮ ብሎኩን እንዲያድን የተሠራ ይመስለዋል። አንዳንድ ጊዜ ያድናል፤ የተሠራው ግን ለዚያ አይደለም። የ53ቱ ስንጥቅም የሚወጣው ከእነዚሁ ክዳኖች ዝቅ ብሎ ነው፤ በቀኝ በኩል፣ የጭስ ማውጫውና ቱርቦው ባሉበት ጎን፣ ወደ ዘይቱ ቋት አቅራቢያ፣ አግድም።

ካስት አይረን ጠባዩ ሁለት ዓይነት ነው። ከመቶ ሦስት እጅ የሚበልጥ ካርቦን አለው፤ ካርቦኑም በብረቱ ውስጥ በስስ የግራፋይት ንጣፎች ተበትኖ ይቀመጣል። ንጣፎቹ ንዝረት ይውጣሉ፤ ብረቱ በቶርኖና በሌላ ማሽን በቀላሉ እንዲቆረጥ ያደርጋሉ። ለሞተር ከዚህ የተሻለ ርካሽ ብረት አልተገኘም። ሲጫኑት ይሸከማል። ሲወጥሩት ግን እያንዳንዱ ንጣፍ የስንጥቅ በር ነው፤ ስንጥቅ አንዴ ከተነሳ ከንጣፍ ወደ ንጣፍ እየተሻገረ ይሄዳል። ሌላው ብረት ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፤ ካስት አይረን አይጎብጥም።

ደግሞ ይህ ሞተር በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚገባና የሚወጣ ሸሚዝ የለውም። ፒስተኖቹ የሚመላለሱት በራሱ በብሎኩ ብረት ላይ ነው። ሸሚዝ ያለው ሞተር ሲጎዳ ሸሚዙን አውጥቶ ሌላ ማስገባት ይቻላል። እዚህ ግን ብሎኩ ሄደ ማለት ሞተሩ ሄደ ማለት ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው ፒካፕ ብሎክ መለወጥ ደግሞ አንዳንዴ ከመኪናው ዋጋ ጋር ይተካከላል።

ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ የማውቃቸው አንድ አዛውንት አሉ። በልጅነታቸው በአሰብ መንገድ ኤንትሬ በሚባለው የፊያት የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበሩ፤ ኋላም ሹፌር ሆኑ። ዛሬ ከረጅም ተሳቢ ጋር የ2001 ራም አላቸው፤ መኪና ጭነው ተራራውን እየተሻገሩ ያደርሳሉ። አንድ ቅዳሜ ከግቢያቸው ስደርስ ከመኪናቸው ሥር ተንጋለው አገኘኋቸው።

«መጣህ? እስቲ ይቺን ባትሪ ያዝልኝ» አሉኝ፤ ጎናቸው ገባሁ።

«ጋሼ፣ ከየት ነው የሚያንጠባጥበው?»

«አያንጠባጥብም። ያልበዋል እንጂ።»

ውሃው ከራዲያተሩ ቀስ በቀስ ይጎድል ነበር። ከሥር ሬንጁ ላይ ጠብታ አይታይም። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ አይወጣም፤ ዘይቱ ወተት አልመሰለም፤ ስለዚህ ቴስታታው ወይም ጋስኬቱ አይደለም። እሳቸው የቀኙን ጎን በሽቦ ብሩሽ ፍቀውት፣ በናፍታ አጥበውት፣ አድርቀውታል። ከዚያ የኖራ ጠመኔ ፈጭተው ብረቱን ነጭ እስኪሆን አለበሱት። ሞተሩን አስነሥተው የውሃው ሙቀት እስኪነሳ ጠበቅን። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ በነጩ ላይ፣ ከክዳኖቹ በታች፣ ከፀጉር የማይወፍር እርጥብ መስመር ታየ። ከጫፍ ጀመረና እያየነው ወደ ኋላ ረዘመ፤ ከእጅ መዳፍ አለፈ። ጠመኔው መስመሩን ይዞ አረንጓዴ እየሆነ መጣ። አዛውንቱ ጣታቸውን አስጠጉና ሳይነኩት መለሱት።

«ሞተሩ ሲበርድ ይዘጋል» አሉ። «ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት የማላገኘው።»

እውነት ነው። የውሃው ሥርዓት ሲሞቅ በራዲያተሩ ክዳን የታፈነ ግፊት ይጠራቀምበታል፤ ብረቱም ይለጠጣል፤ ስንጥቁ ይከፈታል፤ ውሃው ተገፍቶ ይወጣል፤ የጋለው ብረት ደግሞ ወዲያው ያተነዋል። የሚቀረው ትንሽ ቀለም ያለው ቅራሪ ብቻ ነው። ባለቤቱ ለወራት ውሃ እየጨመረ ሊነዳ ይችላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንዲሉ፣ አንድ ቀን ዳገት ላይ የጨመረው ውሃ አይበቃውም፤ ሙቀቱ ይነሳል፤ ያኔ ጋስኬቱም ይሄዳል፣ ፒስተኑም ይነክሳል። ከስንጥቁ ይልቅ የሚገድለው ይህ ነው።

በግራው ጎን ዞረን ከናፍታው ፖምፓ በታች ባትሪውን አበራሁ። ከዘይቱ ቋት ከፍ ብሎ ሁለቱ ቁጥሮች ተገፍተው ወጥተዋል፤ 5 እና 3። መኪናውን የሸጠላቸው ሰው ስለ ቁጥሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ያ ሰው አውቆ ይሁን ሳያውቅ መናገር ባልችልም፣ የስንጥቁን ጎን ከመሸጡ በፊት ንጹሕ አድርጎ ቀለም መቀባቱን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

አዛውንቱ የሚወጡት መንገድ 70 ቁጥሩ ሀይዌይ ነው። ዴንቨርን አልፎ በተራራው ሆድ በአይዘንሃወር ዋሻ ያልፋል፤ ዋሻው ከባሕር ወለል ወደ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከጣርማ በር ይበልጣል። ተሳቢ ጭኖ ያንን ዳገት የሚወጣ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን አውጥቶ ይሠራል፤ አየሩም ስስ ነው። ከዋሻው ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ ሞተሩ ይበርዳል። በክረምት ደግሞ ሌሊቱን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቆሞ ያደረ ብሎክ ጠዋት ሥራ ሲጀምር ወደ 90 ይወጣል። 80 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ካስት አይረን በዚህ ልዩነት አንድ ሚሊሜትር ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ይረዝማል። ብረት ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ይህ በየቀኑ ነው። ግድግዳው እኩል ከሆነ ችግር የለም። አንዱ ቦታ ስስ ከሆነ ግን ውጥረቱ እዚያ ይሰበሰባል።

ብርድ አገር ያሉ ባለናፍታዎች ሌሊት ሞተራቸውን ከኤሌክትሪክ ጋር ያገናኙታል። ከራም ፊት የሚንጠለጠል አጭር ገመድ አይታችሁ ከሆነ እሱ ነው፤ በብሎኩ ውስጥ ያለውን ውሃ የሚያሞቅ ማሞቂያ ነው። ናፍታ ሻማ ስለሌለው፣ የሚነደው አየሩ ተጨምቆ ሲግል ስለሆነ፣ ብርድ ላይ ለመነሳት ይቸገራል፤ ማሞቂያው ለዚያ ነው። ግን ብሎኩ ከብርድ ወደ ሙቀት የሚያደርገውን ዝላይም ያሳጥርለታል። አዛውንቱ ገመዱን ሳይሰኩ አያድሩም። ከተነሳም በኋላ የሙቀቱ መርፌ ከግማሽ ሳይደርስ ተሳቢ አይጎትቱም። ይህን የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም። ሞተሩ ሲፈላ ከመንገድ ዳር ከወረደው ውሃ ቀድቶ ወዲያው በጋለው ሞተር ላይ የሚያፈስ ሹፌር የአፋር በረሃ ውስጥ ምን እንደሚገጥመው አይተዋል። የጋለ ካስት አይረን ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ድምፅ ያሰማል፤ ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም ይላሉ። አንቲፍሪዝንም በግምት አይጨምሩም። ውሃ በረዶ ሲሆን ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ይሰፋል፤ ለዚህ የማይበገር ብረት የለም። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ አንቲፍሪዝ ግን ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ድረስ አይረጋም።

ስንጥቁ ከተገኘ በኋላ የሚደረገው ነገር እንደየሰው ነው። በራዲያተር ውስጥ የሚፈስ ማሸጊያ መድኃኒት የሚገዙ አሉ። እኔ ይህን ለጠላቴም አልመክርም፤ ስንጥቁን ያልደፈነ መድኃኒት የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ከቴክሳስ የመጣውን፣ ከ1969 ጀምሮ የሚሸጠውን ጄቢ ዌልድ የተባለ ባለሁለት ቱቦ ማጣበቂያ ከውጭ የሚለጥፉም አሉ። ብረቱን አጽድተው፣ ሻክሮ እንዲይዝ ፍቀው፣ የስንጥቁን ጫፎች በስተው ከለጠፉት እንደ ሰውየው ጥንቃቄ የሚቆይ ነው። ዳገት የማይወጣ፣ ከባድ የማይጎትት መኪና ላይ ለረጅም ጊዜ አገልግሎ ያየሁት አለ። ለአዛውንቱ ዓይነት ሥራ ግን አይሆንም።

ብየዳ መልካም ይመስላል፤ ካስት አይረን ግን ብየዳ አይወድም። ጫፉ ቀልጦ ዳሩ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ሲበርድ የብየዳው ዙሪያ ጠንክሮ እንደ መስታወት ይሰበራል። በደንብ ለመበየድ ብሎኩን በሙሉ አግሎ፣ በኒኬል ዘንግ በይዶ፣ በጣም ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ሞተሩ ወርዶ እስከ መጨረሻው መፈታት አለበት። የሚችሉ እጆች አሉ፤ ብዙ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ስትገባ በወደቦቿ የተጠለሉትን የጀርመን መርከቦች ወሰደች፤ መርከበኞቹ ግን ቀደም ብለው የሞተሮቹን የካስት አይረን ሲሊንደሮች ሰባብረዋቸው ነበር። አዲስ እስኪፈስ ለመጠበቅ ጊዜ ስለሌለ የባሕር ኃይሉ በኤሌክትሪክ ብየዳ አስጠገናቸው፤ በወራት ውስጥም ወታደር ጭነው አትላንቲክን ተሻገሩ። ስለዚህ አይቻልም ማለት አይደለም። እጅ ይፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የወሰደው ግን እሳት የማይነካው ጥገና ነው። መነሻው በ1930ዎቹ የቴክሳስ የነዳጅ ጉድጓዶች ናቸው። ነዳጅ በሚፈልቅበት ቦታ ችቦ አብርቶ መበየድ ሞት ነው፤ ስለዚህ የተሰነጠቀ ማሽን ያለ እሳት የሚገጥሙበት መንገድ ፈለጉ። ዛሬ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተርሎክ በምትባል ከተማ ሎክ ኤን ስቲች የተባለ ድርጅት ይህን ሥራ በትላልቅ የመርከብ ሞተሮችም በእነዚህ ፒካፖችም ላይ ሠርቶ ስም አውጥቷል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የስንጥቁ ሁለት ጫፎች ይፈለጋሉ። ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ቀዳዳ ይበሳል፤ ጥርስ ይወጣለታል፤ ልዩ ጥርስ ያለው ፒን ተጠምዝዞ ይገባበታል፤ የተረፈው ራስ ይቆረጣል። ሁለተኛው ቀዳዳ የመጀመሪያውን ፒን ጎን ትንሽ ቆርሶ ይበሳል፤ ሦስተኛው ሁለተኛውን። እንዲህ እየተነካከሱ እስከ ሌላው ጫፍ ይደርሳሉ። የተለመደ ብሎን ሲጠብቅ ብረቱን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ይህ በተሰነጠቀ ግድግዳ ላይ ስንጥቁን ያሰፋዋል። የእነዚህ ፒኖች ጥርስ ግን ወደ ውስጥ የሚቆላለፍ ነው፤ ሁለቱን ከንፈር ወደ ራሱ ይስባል። ጉልበት በሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ ስንጥቁን አቋርጦ የሚቀመጥ መቆለፊያ ብረት ይገባል። በመጨረሻ በመሞረጃ ይስተካከላል፤ ቀለም ሲቀባ አይታይም።

እናቶቻችን የተሰነጠቀ ገበቴ አይጥሉም ነበር፤ ዳርና ዳሩን በስተው በጠፍር ወይም በሽቦ ይሰፉታል፤ ከዚያም በኋላ ሊጥ ይቦካበታል። ሥራው ያው ነው። ይህን የሚሠራው ሰው በፒካፑ ቀኝ ጎን ጎንበስ ብሎ፣ ቱርቦውን ነቅሎ፣ በሰዓታት ትዕግሥት ፒን በፒን ላይ እያጠላለፈ፣ አንድ ሙሉ ብሎክ ከመጣል ያድናል። ሌላ ብሎክ እንደገና አቅልጦ ከማፍሰስ፣ ከውቅያኖስ ማዶ ከማመላለስ፣ ቀጫጭን ፒኖችን ማስገባት ይሻላል። ይህን የሚክድ ካለ የሚሠራበትን ቀን ሄዶ ይይ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። እኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ጠይብ ብለን፣ ቡዳ ብለን፣ ከማዕዳችን አርቀን ኖረናል። ማረሻውን እንፈልጋለን፤ ሠሪውን እንንቃለን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ በአዋጅ ቢከለከልም ንቀቱ ከልባችን ቶሎ አልወጣም። ልጁ ሐኪም ቢሆን የሚኩራራ አባት፣ ልጁ ብየዳ ቤት ቢገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። እኔ በዚያ ቅዳሜ ከመኪናው ሥር ያየሁት እውቀት ነው። በጠመኔ ስንጥቅ የሚፈልግ፣ ከጭሱ መልክ ጋስኬቱን ከጥርጣሬ የሚያወጣ፣ በሞተሩ ድምፅ ሙቀቱን የሚገምት ሰው የተማረ ሰው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከወንበር መነሣት ይገባል።

ለ53ቱ ደግሞ ፍርድ እንስጥ ከተባለ፣ እኔ ሁሉንም በአንድ አልኮንንም። ሃምሳ ሦስት ሆነው እስከ ዛሬ ጭነት እየጎተቱ ያሉ፣ አንድ ጠብታ ያልተፉ ሞተሮች ብዙ ናቸው። ቁጥሩ የሚናገረው ስጋት እንዳለ እንጂ ሞተሩ ሟች መሆኑን አይደለም። በረጋ እጅ የተያዘ፣ ውሃው በጊዜው የተለወጠ፣ ጧት ሳይሞቅ ያልተጎተተበት 53 ማንም ሳይንከባከበው ከኖረ ሌላ ቁጥር ይበልጣል። ስህተቱ የባለቤቱ አይደለም። ብረቱ ሲፈስ በቦታው አልነበረም፤ ግድግዳው ምን ያህል ሊሆን እንደሚገባ ማንም አልጠየቀውም፤ መኪናውን ሲገዛ ያዩት ሁሉ ሞተሩን ሲያመሰግኑለት ነበር። አምራቹ ለሞተሩ የሰጠው ዋስትና 5 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነበር፤ ብዙዎቹ ስንጥቆች ብቅ ያሉት ከዚያ በኋላ ነው፤ ዛሬማ ያ ዋስትና ካለቀ ቆይቷል። ዕዳው የመጨረሻው ባለቤት ትከሻ ላይ ወደቀ። ይህ ትክክል አይደለም፤ ትክክል አይደለም ለማለትም አልፈራም። ፋብሪካ ብሎክ ሲሸጥ የተገኘውን ድካም በይፋ ጽፎ ቢያስታውቅ፣ ባለቤቶች ቁጥሩን ከጋራዥ ወሬ ሳይሆን ከራሱ ከሠሪው ቢሰሙት ኖሮ፣ ስንት ሰው ከዳገት መሃል በተሳቢ ተጎትቶ ከመመለስ ይድን ነበር።

የአዛውንቱ ብሎክ ተሰፍቷል። ተሳቢውን ቀለል አድርገው ዳገቱን መውጣት ቀጥለዋል። ከክዳኖቹ በታች ያለውን ቦታ ዘይት በለወጡ ቁጥር በባትሪ ያዩታል፤ እኔም በሄድኩ ቁጥር አያለሁ፤ ደርቋል።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ሥራ ለመጀመር ናፍታ ፒካፕ የምትፈልጉ ወገኖች፣ ዋጋው ረክሶ ያያችሁት የ1999፣ የ2000 ወይም የ2001 ራም ከሆነ ከመዋዋላችሁ በፊት ባትሪ ይዛችሁ ከሥሩ ግቡ። በግራ፣ ከፖምፓው በታች፣ ቁጥሩን አንብቡ። በቀኝ፣ ከክብ ክዳኖቹ በታች፣ ብረቱን በጨርቅ ጥረጉና ቅራሪ ፈልጉ፤ አዲስ ቀለም ካያችሁ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ። ሞተሩን አስነሥታችሁ እስኪሞቅ ጠብቁ፤ ሻጩ አይጠበቅም ካለ ሂዱ። 53 ሆኖ ደረቅ ከሆነ አትሽሹ፤ ዋጋውን ግን በዚያ መጠን ተነጋገሩ፣ ለጥገናም ገንዘብ አስቀምጡ። እናንተ ስትሸጡ ደግሞ ገዢው ጎንበስ እስኪል አትጠብቁት፤ ቁጥሩን ከዋጋው በፊት ንገሩት።